ከደመወዝ ማግስት ሠራተኛ ይጠፋብኛል፦ ልጠንክር ወይስ ላላ ልበል?

ስፌት ቤት (ኮምቦልቻ)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ኮምቦልቻ ውስጥ የደንብ ልብስ የሚሰፋ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነኝ። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የጥበቃ ልብስ፣ ቱታ፣ ጋወን እንሰፋለን። 128 ሠራተኛ አለን። ከነሱ 90ው የስፌት መኪና ላይ የሚቀመጡ ናቸው፤ ወንዶቹ በጣት ይቆጠራሉ። ሦስት ላይን አለን፤ ልብሱ ከአንዷ ወደ ሌላዋ እየተላለፈ የሚሰፋበት መስመር ማለት ነው። እኔ ይሄን ወንበር የያዝኩት ከሰባት ወር በፊት ነው። ከዚያ በፊት እዚያው ፋይናንስ ኃላፊ ነበርኩ። ስፌት አላውቅም። የማውቀው ቁጥር ነው።

ችግሬ ይሄ ነው። ደመወዝ በገባ ማግስት ሰው ይጠፋል። ባለፈው በአንድ ሰኞ ብቻ 19 ሰው ቀረ። የስፌት ሥራ የማያውቅ ሰው "19 ሰው ምን አላት?" ሊል ይችላል። ላይን ሁለት ላይ ኮሌታ የምትተክለው ልጅ ስትቀር ከሷ በኋላ ያሉት 11 ሰዎች እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። ከሷ በፊት ያሉት ደግሞ ይከምራሉ። የጠፋብኝ የአንድ ሰው ቀን ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ዝም አላልኩም። ማስታወቂያ ለጠፍኩ፦ የቀረ የሁለት ቀን፣ ያረፈደ የግማሽ ቀን ይቆረጥበታል። በር ላይ የጣት አሻራ ማሽን አስገጠምኩ። ሦስት ሰው አሰናበትኩ። በሚቀጥለው ወር ሰኞ የቀሩት ስንት ቢሆኑ ጥሩ ነው? 22።

ይባስ ብሎ ላይን ሁለትን የምትመራው ሱፐርቫይዘር መልቀቂያ ልታስገባ ነው ተባለ። ስድስት ዓመት የሠራች፣ ድርጅቱን በትከሻዋ የተሸከመች ሴት ናት። የሰማሁት ከሷ አፍ ሳይሆን ከጥበቃው ነው።

የዩኒፎርም ኦርደር የሚጎርፍበት ወር እየመጣ ነው። የድርጅቱ ባለቤት አዲስ አበባ ናቸው፤ በስልክ "ጠንከር በል" ይሉኛል። ባለቤቴ ደግሞ "መጀመሪያ እንቅልፍህን ተኛ" ትለኛለች። ማታ ሦስት ሰዓት ድረስ ቢሮ ነኝ፤ ግማሹን ጊዜ የክርና የቁልፍ ግዢ ሳጸድቅ ነው የማመሸው። ልጠንክር ወይስ ላላ ልበል? በየቀኑ ለሚገኝ ሰው ቦነስ ብጀምርስ?

ባለ ሱቁ (ደሴ)

ወንድሜ፣ ስትላላ ነው የሚቀልዱብህ። እኔ ፒያሳ አራት ሠራተኛ አለኝ። አንዱ ሁለቴ ቀረ፤ በሦስተኛው ቀን ሲመጣ ቦታው ላይ ሌላ ሰው ቆሞ አገኘ። አለቀ። ሥራ ፈላጊ እንደሁ ሞልቷል።

ስፌት ቤት (ኮምቦልቻ)

@ባለ ሱቁ፣ ሥራ ፈላጊማ አለ። ኮሌታ መትከል የሚችል ግን በር ላይ ቆሞ አይጠብቀኝም። አንዷን ለማብቃት ሦስት ወር ይፈጅብናል።

የሰው ሀብት ሰው

የምመልስልህ የሕጉን በኩል ብቻ ነው፤ የቀረውን የሚያውቁ ይምጡበት።

ያ ማስታወቂያህ አደጋ አለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከደመወዝ ዝም ተብሎ አይቆረጥም። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። ያም ኖሮ ከወር ደመወዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም። በር ላይ የተለጠፈ ወረቀት የሥራ ደንብ አይሆንም።

የሦስቱን ስንብት በጽሑፍ ነው ያደረግከው ወይስ "ነገ እንዳትመጪ" ብለህ? አዋጁ በመቅረትና በማርፈድ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ (ወዲያው) ማሰናበት የሚፈቅደው አስቀድመህ በጽሑፍ እያስጠነቀቅከው በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 የሥራ ቀን ከቀረ፣ ወይም 8 ጊዜ ካረፈደ ነው። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በፋይላቸው ውስጥ ከሌለ ክርክር ቢመጣ መቆሚያ የለህም። በነገርህ ላይ፣ ጥፋቱን ካወቅክ 30 የሥራ ቀን ካለፈ ደግሞ በዚያ ምክንያት ያለ ማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብትህ ይቀራል። አንዳንድ አለቃ ጥፋት እንደ እቁብ ሲያጠራቅም ከርሞ አንድ ቀን ያወጣዋል፤ አይሠራም።

ለኦርደሩ ሰሞን ደግሞ ይሄን ያዝ፦ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። የቀኑ በ1.5፣ የሌሊቱ በ1.75፣ የሳምንት እረፍት ቀን በ2፣ የሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል።

ጡረተኛዋ (ሰኞ ገበያ፣ ደሴ)

አብሽር ልጄ። ሰባት ወር ምንም አይደለም።

እኔ ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። 26 ዓመት ከደሴ ኮምቦልቻ የሀረጎን ቁልቁለት በሰርቪስ ወርጄ ወጥቻለሁ። ኦፕሬተር ሆኜ ገብቼ ምርት ኃላፊ ሆኜ ነው የወጣሁት። የት እንደሆነ አልጽፍም፤ የሚያውቀኝ ያውቀኛል።

ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። አንድ ነገር ፈልጌ አጣሁበት። 19 ሰው ቀረ አልክ፣ ማሽን አስገጠምኩ አልክ፣ ሦስት አሰናበትኩ አልክ። አንዷን እንኳ "ለምን ቀረሽ ብያት እንዲህ አለችኝ" አላልክም። የቀሩበትን ምክንያት ሳታውቅ ነው መድኃኒት ያዘዝከው።

አልፈርድብህም፤ እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ኃላፊ እንደሆንኩ የቀረ ሰው ስም ዝርዝር በር ላይ እለጥፍ ነበር። አንድ ሽማግሌ ጥበቃ ነበሩን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ "ስማቸውን ከምትለጥፊ ሰፈራቸውን ብትጽፊ ይሻላል" አሉኝ። ነገሩ ባይገባኝም አንድ የተማሪ ደብተር ገዛሁ። ስም፣ ላይን፣ ሰፈር፣ የቀረችበት ቀን፣ ያለችኝ ነገር። ቀርታ የመጣችውን ሁሉ በማግስቱ ከመኪናዋ አጠገብ ቆሜ እጠይቃለሁ። ቢሮ አልጠራም። ቢሮ የተጠራ ሰው እውነት አይናገርም። አልቀጣም፣ አልመክርም፤ እጽፋለሁ። አንድ ወር እንዲህ አደረግኩ።

ወሩ ሲያልቅ ስንፍና ብዬ የያዝኩት ነገር ሦስት ቦታ ተከፍሎ አገኘሁት።

አንደኛው ገበያ ነው። ያኔ ደመወዝ በፖስታ እየተቆጠረ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር የሚሰጠው። የባቲ ገበያ ደግሞ ሰኞ ነው። ግማሾቹ ልጆች የዚያ አገር ልጆች ናቸው። ብር ቅዳሜ እጃቸው ላይ አስቀምጠን፣ እናት እህል ልትሸምት ሰኞ ገበያ ቆማ እየጠበቀች፣ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ግቡ እንላለን። የክፍያውን ቀን ወደ ረቡዕ አዞርነው። ከአንድ ላይን ሁለት ሰው ደግሞ በየተራ የገበያ ሰኞ ትወስዳለች፤ ከዓመት ፈቃዷ ይታሰባል። ግን እስከ ሐሙስ ታስመዘግባለች። መቅረቱ ሙሉ በሙሉ ጠፋ? አልጠፋም። እኔ ግን ስድስት ሰው እንደሚጎድለኝ ሐሙስ ካወቅኩ ላይኑን አሰናዳለሁ። ሰኞ ጠዋት ባዶ ወንበር ስታይ ነው ራስህን የምትይዘው።

ለሱም ጆከር ያስፈልግሃል። አራት ልጆች መርጠን ኮሌታም፣ እጅጌም፣ ኦቨርሎክም (የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝመውን መኪና) አስተማርናቸው። የራሳቸው መኪና የላቸውም፤ ሰው በጎደለበት ይቀመጣሉ። ትንሽ ጭማሪ ሰጠናቸው። መጀመሪያ ኩራተኛ ሆኑብን፣ በኋላ ተስተካከሉ። አንተ 90 ሰው ይዘህ አምስት ጆከር ከሌለህ አንዲት ልጅ ጉንፋን በያዛት ቁጥር ፋብሪካው ያነጥሳል።

ሁለተኛው ለቅሶ ነው። ይሄን ከአዲስ አበባ የሚደውል ባለቤት አይገባውም። በኛ አገር ቅሬ አለ፤ ሌላው እድር የሚለው። ጎረቤት ሲሞት ቀብር ያልወጣ ይቀጣል፤ ከቅጣቱ ይልቅ ደግሞ ስሙ ይብሳል። አዋጁ የቅርብ ዘመድ ሲሞት 3 የሥራ ቀን ከነክፍያው ይሰጣል። ለጎረቤት አይሰጥም። እና ልጅቷ ከሁለት ቅጣት አንዱን ትመርጣለች፣ የአንተን ወይ የቅሬውን። አንዷ በግልጽ ነገረችኝ፦ "እትዬ፣ ፋብሪካው ነገ ሊዘጋ ይችላል። ሲሞትብኝ የሚቀብርልኝ ቅሬው ነው።" ምን ልበላት? ለቀብር ሁለት ሦስት ሰዓት ወጥቶ መመለስን ሱፐርቫይዘሯ ራሷ እንድትፈቅድ አደረግን። ሰዓቱን በሌላ ቀን ትተካለች። ቀኑን ሙሉ ይቀሩ የነበሩት ተመልሰው መግባት ጀመሩ። የጁምዓንም እንዲሁ በምሳ ሰዓት አስማማነው። እሱ ያን ያህል አላስቸገረም።

ሦስተኛው አሳፈረኝ። ደብተሩ ላይ አንድ ላይን ብቻውን የሁለት ላይን ያህል ይቀራል። እዚያ ሄጄ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ፤ ለቁጥጥር ሳይሆን ቁልፍ ልተክል። ከፊቴ ኮሌታ የምትሰፋ ቀጭን ልጅ አለች። ከፊቷ ያልተሰፋ ሸሚዝ ተቆልሏል። ሱፐርቫይዘሩ ከኋላዋ ቆሞ ጮክ ብሎ ይቆጥራል፦ "ሃምሳ ስምንት ቀረሽ! ሃምሳ ሰባት!" ሰው ሁሉ ይሰማል። እኔ እጇን አየሁ። ሁለት ኮሌታ ትሰፋለች፣ ክር ይበጠሳል። መርፌ ውስጥ ታስገባለች፣ አንድ ትሰፋለች፣ ይበጠሳል። "መካኒክ አልጠራሽም?" አልኳት። ዝም። በኋላ ስሰማ ሱፐርቫይዘሩና መካኒኩ ተኳርፈው ኖሯል። እሱ አይጠራውም፣ እሷ መጥራት አይፈቀድላትም።

መካኒኩን ራሴ ጠራሁት። የመርፌው ሰሌዳ ቀዳዳ ጠርዙ ተጎድቶ ክሩን ይቆርጣል። በብርጭቆ ወረቀት አሸው፣ መርፌ ቀየረ፤ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ያቺ ልጅ በወሩ አምስት ቀን ቀርታለች። ደብተሬ ላይ "ሆዴን አሞኝ" ነበር ያለችው። ጠዋት ተነስታ ያን ቁጥር ልትሰማ መምጣቱ ነበር ያመማት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንኛዋም ኦፕሬተር መካኒክ እንድትጠራ ቀይ ጨርቅ ሰጠናት፤ መኪናው ላይ ትሰቅላለች፣ አለቀ። ሱፐርቫይዘሩን አላባረርነውም። ወደ መቁረጫ ክፍል ወሰድነው፤ ጨርቅ ላይ ቢጮህ ጨርቅ አያለቅስም።

አሁን ወደ አንተዋ ሱፐርቫይዘር። ማስታወቂያውን ስትለጥፍ አማክረሃታል? አይመስለኝም። ቅጣቱን የጻፍከው አንተ ነህ፤ ደመወዙ የተቆረጠባትን ልጅ ፊት ቀኑን ሙሉ የምታየው ግን እሷ ናት። በሷ ስም ነው የቀጣኸው። እንዳትጠራት፤ አንተ ሂድ። ቡና አፍልተው ከሚጠጡበት ቦታ ሄደህ ተቀመጥ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቃት፦ "በስድስት ዓመት ውስጥ ጠይቀሽ ያልተሰጠሽ ምንድን ነው?" ከዚያ አፍህን ዝጋ። "ምንም" ትልሃለች። አሁንም ዝም በል። ሁለተኛው ስኒ ላይ ትናገራለች። የነገረችህን ሦስት ቀን ሳይሞላ አድርግ፤ ካልቻልክ በሦስተኛው ቀን "አልቻልኩም" በላት።

የቦነሱን ነገር ሞክረነዋል። አንዷ ትኩሳት ይዟት መጥታ 40 ሸሚዝ እጅጌውን ገልብጣ ሰፋችልን፤ ሁለት ቀን ስንፈታ ዋልን። ከዚያ በላይን አደረግነው። አሁን ደግሞ የታመመችውን ጓደኞቿ ያኮርፏት ጀመር። ተውነው።

ስላንተ አንድ ነገር ልበልና ላቁም። የክር ግዢ ሲያጸድቅ የሚያመሽ ሥራ አስኪያጅ አሁንም ፋይናንስ ኃላፊ ነው፤ ወንበር ብቻ ነው የቀየረው። እስከዚህ ብር ድረስ ሱፐርቫይዘሮቹ ይፈርሙ ብለህ ጣሪያ አውጣ። ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከሦስቱ ጋር አሥር ደቂቃ ቁም። ወንበር አታምጣ፣ ስብሰባ ይሆንብሃል። ማን ጎደለ፣ የትኛው መኪና ተበላሸ፣ ምን አለቀ። በቃ።

በ2014 ከጦርነቱ በኋላ ፋብሪካ ስንከፍት ሠራተኛው ተበትኗል፤ ማን የት እንዳለ አይታወቅም። ያ የሰፈር ደብተሬ ነው የረዳኝ። በር ላይ መጀመሪያ ተሰልፈው የመጡት የነማን ላይን ልጆች እንደነበሩ ልንገርህ? ሱፐርቫይዘራቸው በየቤቱ ሄዳ "ተርፋችኋል ወይ?" ብላ የጠየቀቻቸው።

ባቲ በር

እትዬ፣ ጽሑፍዎን ወድጄዋለሁ። ግን አንድ ነገር ዘለሉ። እኛም ኮምቦልቻ ላይ ስፌት አለን። ቢያመሰግኗቸው፣ ቡና ቢያጠጧቸው፣ ልጆቹ ዐረብ አገር ይሄዳሉ። ከኛ ደመወዝ ጋር አይገናኝም። አስተምረን ለሰው ቤት ነው የምናበቃው።

ጡረተኛዋ (ሰኞ ገበያ፣ ደሴ)

@ባቲ በር፣ አልዘለልኩም፣ ፈርቼው ነው። በደመወዝ አትወዳደርም፤ እሱን እርሳው። እኛ ያደረግነው ሁለት ነገር ነው። ሁልጊዜ አምስት ስድስት ተለማማጅ ይኖረናል፤ ሰው ሲሄድ አይደለም ማስተማር የምንጀምረው። ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ ልብስ መስፋት አናስተምርም። አንድ ሥራ፣ ለምሳሌ ኪስ ብቻ፣ በሦስት ሳምንት። ቀጥ ብላ ስትሰፋ ወደሚቀጥለው።

የምትሄደውን ልጅ ደግሞ በክፉ አትሸኛት። ሒሳቧን በጊዜው ስጣት፣ የሥራ ልምዷን ጽፈህ ስጣት። ሁለቱ ከቤይሩት ተመልሰው እኔ ዘንድ ሱፐርቫይዘር ሆነዋል። እንዴት ያለ ሰው ማዘዝ እንደሚያውቁ! እዚያ የታዘዙት መከራ አስተምሯቸዋል።

ስፌት ቤት (ኮምቦልቻ)

ከ12 ቀን በኋላ ተመለስኩ። ይቅርታ፣ ዝም ያልኩት ደብተሩን እየጻፍኩ ነው።

እትዬ፣ የነገሩኝን አደረግኩ። ያገኘሁት ግን እርስዎ ካሉት ሌላ ነው። የኛ ደመወዝ በባንክ ነው የሚገባው፤ ገበያውም ለቅሶውም አለ፣ ግን ትልቁ እሱ አይደለም።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በር ላይ ከጥበቃው ጋር ቆምኩ። የጣት አሻራ ማሽኑ አንድ ነው። 128 ሰው ይሰለፋል። መኪና ላይ የዋለች ሴት ጣቷ በመርፌና በጨርቅ ሻክሯል፤ ማሽኑ ሦስት አራት ጊዜ ካልሞከረች አያነባትም። ሰልፉ ሲያልቅ ከሁለት ሰዓት ሃያ ደቂቃ አልፏል። ማሽኑ ደግሞ ከሁለት ሰዓት በኋላ የገባውን ሁሉ "አርፍዷል" ብሎ ይመዘግባል።

ከፊቴ አንዲት ልጅ ሰዓቷን አየች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ዞራ መሄድ ጀመረች። "ወዴት ነሽ?" አልኳት። አላወቀችኝም መሰለኝ። "ግማሽ ቀን ከቆረጡብኝ በኋላ ለምን እገባለሁ? ሄጄ ልብሴን አጥባለሁ" አለችኝ። ጥበቃው ወደ መሬት አየ። በኋላ ስጠይቀው "በየሰኞው ስድስት ሰባት ሰው እንዲህ ይመለሳል፤ እርስዎ የሚያውቁ መስሎኝ" አለኝ።

22ቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ ማለት ነው። አርፍደው የሚገቡትን ቀሪ አደረግኳቸው።

ማስታወቂያውን ያኑ ቀን አነሳሁት። የተቆረጠባቸው ብር እንዲመለስ አዘዝኩ። ባለቤቱ ሲሰሙ ጮኹ፤ የአዋጁን ነገር ስነግራቸው ዝም አሉ። (@የሰው ሀብት ሰው፣ እግዜር ይስጥልኝ።) ማሽኑን ለጊዜው ዘግቼዋለሁ፤ ሱፐርቫይዘሮቹ በወረቀት ይይዛሉ። በዚህ ሰኞ 9 ሰው ቀረ። አራቱ ሐሙስ አስመዝግበው ነበር።

የላይን ሁለቷ ዘንድም ሄድኩ። እንዳሉት "ምንም" አለችኝ። ዝም አልኩ። በጣም ከባድ ነው ዝም ማለት። ቶናው ላይ "አምፖል" አለች። ከላይኗ በላይ ካሉት ሦስት ረጃጅም መብራቶች ሁለቱ ከጠፉ ዘጠኝ ወር ሆኗቸዋል። ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር የሚሰፋው እሷ ላይን ላይ ነው። የግዢ ጥያቄ ሁለቴ ጽፋለች። ቢሮ ተመልሼ ፋይሉን አስወጣሁ። ሁለቱም ላይ "በጀት የለም፣ ይቆይ" ተብሎ ተፈርሟል። ፊርማው የኔ ነው፤ ፋይናንስ እያለሁ።

መብራቱ በማግስቱ ተተከለ። መልቀቂያውን ታስገባ አታስገባ እስካሁን አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኳትም።

ካሰናበትኳቸው ሦስት ልጆች ሁለቱ ነገ ይጀምራሉ። ሦስተኛዋ ኦቨርሎክ ላይ የነበረችው ናት። ስልኳ አይሠራም። ቤቷ ድረስ ሰው ላክሁ። እህቷ "በባቲ በኩል ከጓደኞቿ ጋር ወደ ዐረብ አገር ወጥታለች" አለች፤ ከሄደች 16 ቀኗ ነው። ቀኑን ቆጠርኩት። ካሰናበትኳት በአራተኛው ቀን ነው።

ጡረተኛዋ (ሰኞ ገበያ፣ ደሴ)

ስሟንና የእህቷን ስልክ ደብተሩ ላይ ጻፍ። በየሳምንቱ ደውልላት።